ባላው ላይ የተቀመጠው ጭራቅ

(ጫካ ጥግ ያለ መንደር፤ ማለዳ። ባሏ ከሞተባት አራት ወር የሆናት ታደሉ ደጃፏ ላይ አዲስ ቀፎ በእበት ትመርጋለች፤ የባሏ ታናሽ ወንድም ክፍሌ አጠገቧ ቆሟል።)

ክፍሌ፦ እኔ እኮ ለእርስዎ ብዬ ነው፣ እትዬ ታደሉ። ይተዉት ያንን ዛፍ።

ታደሉ፦ ለእኔ ብለህ ከሆነ እበቱን አቀብለኝ።

ክፍሌ፦ ቀልድ አይደለም። ዘንድሮ እዚያ ወጥቶ ቀፎ የሚሰቅልልዎት ወንድ አያገኙም። የጠየቋቸው ሦስቱም እምቢ ብለዋል አይደል?

ታደሉ፦ ብለዋል። አንዱ ወገቤን አለ፣ አንዱ ሚስቴ ነፍሰ ጡር ናት አለ፣ ሦስተኛው ሕልም አየሁ አለ። እባብ ያየ በልጥ በረየ። እባቡን ማን አሳያቸው ነው የእኔ ጥያቄ።

ክፍሌ፦ ማንም አላሳያቸውም፤ ዛፉ ላይ የሰፈረው ጭራቅ ራሱ ዱካውን ጥሎ ሄደ። ወንዙ መሻገሪያ ላይ አገር ምድሩ አይቶታል። አንድ ክንድ ከስንዝር ነው።

ታደሉ፦ እኔም ሄጄ አይቼዋለሁ።

ክፍሌ፦ አዩት?

ታደሉ፦ አየሁት። ትልቅ ነው፤ አልዋሽም። ግን ከጫካ ወጥቶ ወደ መንደር ነው የሚመጣው። ሰው የሚበላ ጭራቅ መንደር ገብቶ እንዴት አንድ ዶሮ እንኳ ሳይጎድል ቀረ?

ክፍሌ፦ እሱማ የጭራቅ እግር ወደ ኋላ የዞረ ነው። ጣቱ ወደ መንደር ካሳየ የሄደው ወደ ጫካ ነው። አያቶቻችን የነገሩን ነው።

ታደሉ፦ አሃ። እግሩ ዞሮ ነው።

ክፍሌ፦ ዞሮ ነው።

ታደሉ፦ እንግዲህ ከዞረ ወደ ጫካ ገብቷል። ካልዞረ ግን የገባው አንተ ጓሮ ነው። ዱካው የጠፋው አጥርህ ሥር ሲደርስ ነው።

ክፍሌ፦ ምን ለማለት ፈልገው ነው?

ታደሉ፦ ምንም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲሉ ሰምቼ ነው። ደግሞ ተረከዙ ላይ መስመር መስመር አለው፤ የበረባሶ ጎማ ይመስላል። ጫማ የሚያደርግ ጭራቅም አያቶቻችን ነግረውሃል?

ክፍሌ፦ ዝናብ ያገኘው ዱካ ብዙ ነገር ይመስላል። ይልቅ መዳፍዎ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የተላጠው?

ታደሉ፦ ገመድ ነው። የውሃውም የእንጨቱም ሥራ በእኔ ላይ ነው እኮ አሁን።

ክፍሌ፦ አየሁልዎት። ይኸው፣ ለዚህ ነው የምለምንዎት። ወንድሜም ሳይታመም በፊት ነግሮኝ ነበር። «ክፍሌ፣ ዛፉ ላይ የሆነ ነገር አለ» ብሎኛል።

ታደሉ፦ ዘውዴ?

ክፍሌ፦ በእናታችን አፅም።

ታደሉ፦ ዘውዴን የገደለው ወባ ነው። ዘጠኝ ቀን ራስጌው የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ሲቃዥ እንኳ ስለ ንቦቹ ነበር የሚያወራው፤ ስለ ጭራቅ አንድ ቃል አልወጣውም። በዛፉ ብትመጣብኝ እችለው ነበር። በሙት አፍ ስትናገር ግን ታስጠላኛለህ፣ ክፍሌ።

ክፍሌ፦ አይቆጡ። የወንድሜ ልጅ አባቷን እንዳጣች እናቷንም እንዳታጣ ብዬ ነው።

ታደሉ፦ ልጄን ተዋት። ያ ዛፍ በዓመት የሚሰጠን ማር ነው እሷን ትምህርት ቤት የሚያውላት። ይልቅ የአገሩን ደንብ አስታውሰኝ። ንቦቹ የሚቀስሙት የጌተም ዛፍ አበባ እስኪፈነዳ ድረስ ቀፎ ያልተሰቀለበት ዛፍ የማን ይሆናል?

ክፍሌ፦ ቀድሞ የሰቀለ ይወስደዋል። ደንቡን እኔ አላወጣሁትም።

ታደሉ፦ አበባው መቼ ይፈነዳል?

ክፍሌ፦ እሑድ ሰኞ ቢል ነው።

ታደሉ፦ ዘውዴ አሥራ ስድስት ዓመት እዚያ ዛፍ ላይ ሲወጣ ሲወርድ ያ ጭራቅ አንድ ቀን ብቅ አላለም። ዘንድሮ አበባው ሊፈነዳ ሁለት ሳምንት ሲቀረው መጣ። ቀን መቁጠር ያውቃል ማለት ነው።

ክፍሌ፦ እኔን ነው የሚጠረጥሩት?

ታደሉ፦ አንተማ ፈሪ ነህ። ትፈራው የለም ወይ?

ክፍሌ፦ እንዴት አልፈራ!

ታደሉ፦ እንግዲያው ዛፉ ባዶውን ቢቀር አንተም አትሰቅልበትም።

ክፍሌ፦ እሱማ... ጠበል ተረጭቶበት፣ ታጥኖ ቢሆን... ያው የዘራችን ዛፍ ነው፣ ለባዳ ከሚሄድ ብዬ...

ታደሉ፦ ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል። ለአንተ የሚሠራ ጠበል ለእኔ አይሠራም?

ክፍሌ፦ እርስዎ ሴት ነዎት። ሴት ቀፎ ትመርጋለች እንጂ ስትሰቅል ማን አይቶ ያውቃል? ይሄ ስድብ አይደለም፣ ያለ ነገር ነው።

ታደሉ፦ ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ አሉ። እኔ ግን ከልጅነትህ ጀምሮ አውቅሃለሁ።

ክፍሌ፦ እሺ፣ አያምኑኝም። ትናንት በዓይኔ ያየሁትን ልንገርዎት?

ታደሉ፦ ትናንት? ዛፉ ድረስ ሄደህ?

ክፍሌ፦ ዛፉ ሥር። ከምሳ በኋላ። ስለ እርስዎ ተጨንቄ ሄድኩ።

ታደሉ፦ የትኛው ዛፍ? ኋላ ተሳሳትኩ እንዳትለኝ።

ክፍሌ፦ የዘውዴ ትልቁ ዛፍ ነዋ። ገደሉ አፋፍ ላይ ያለው፣ ሁለት ባላ ያለው።

ታደሉ፦ እሺ። ቀጥል።

ክፍሌ፦ ቀና ስል ባላው ላይ ተቀምጧል። ጸጉሩ ጉልበቱ ይደርሳል። ዓይኑ ፍም ነው። እግሩን አንጠልጥሎ ያወዛውዛል።

ታደሉ፦ በላይኛው ባላ ነው በታችኛው?

ክፍሌ፦ በታችኛው። ዘውዴ ይሰቅልበት በነበረው።

ታደሉ፦ ባላው ላይ ሌላ ነገር አልነበረም?

ክፍሌ፦ ምን ይኖራል? ባዶ ነው። እሱና ቅጠሉ ብቻ።

ታደሉ፦ ትምልልኛለህ?

ክፍሌ፦ ማርያምን። ሽማግሌዎቹ ፊትም እምላለሁ።

ታደሉ፦ ጥሩ። ዛሬ ከሰዓት ይሰበሰባሉ። ይህንኑ፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ ትነግራቸዋለህ።

ክፍሌ፦ እነግራቸዋለሁ። እርስዎም በዚህ ቀፎ አይድከሙ፤ ከንቱ ልፋት ነው።

ታደሉ፦ ይኼ? ይኼ እኮ ወንዙ ዳር ላለው ለትንሹ ዛፍ ነው።

ክፍሌ፦ የትልቁስ?

ታደሉ፦ የትልቁማ ከተሰቀለ አራት ቀኑ። ታችኛው ባላ ላይ ነው፤ ከሩቅ ያስታውቃል።

ክፍሌ፦ ማን... ሁሉም እምቢ ብለው የለ? እትዬ፣ መዳፍዎ... ማነው የወጣው?

ታደሉ፦ እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? ትናንት ከቀፎው ጎን ተቀምጦ ያየኸውን ጭራቅ ጠይቀው።