ማንም ያላረደው ዓሣ

ከጎሬ ቁልቁለቱን ወርዳችሁ፣ ከባሮ ማዶ በታንኳ ተሻግራችሁ ለዚህ ቀብር የቆማችሁ ወገኖች ሆይ፣ መምህር ዘገየ አሸብር በምድር ላይ የኖሩት ዕድሜ አርባ ሁለት ዓመት ብቻ ነው፤ ታሪካቸውም እነሆ።

መምህር ዘገየ ከአባታቸው ከአቶ አሸብርና ከእናታቸው ከወይዘሮ አበዛሽ በ፲፱፻፳፫ ዓ.ም. ጎሬ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ቡና በበቅሎ እየጫኑ ወደ ጋምቤላ ወደብ የሚያወርዱ ነጋዴ ስለነበሩ፣ እሳቸውም በአሥራ ሁለት ዓመታቸው አብረው ወርደው፣ ወንዙ በክረምት ሲሞላ ከሱዳን የሚመጣው መርከብ ባሮ ዳር ቆሞ ሲጫን አዩ። ያን ቀን የሰሙትን የመርከብ ጡሩምባ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ በአፋቸው እያስመሰሉ ልጆችን ያስቁበት ነበር።

ጎሬ ከቄስ ዘንድ ፊደል ቆጥረው ዳዊት ከደገሙ በኋላ ወደ ዘመናዊ ትምህርት ገብተው፣ ኋላም አዲስ አበባ በመምህራን ማሠልጠኛ ተማሩ። በዚያም ወረፋ ጠብቀው የሽንኩርት ስስ ልጣጭ በማይክሮስኮፕ ሲመለከቱ፣ ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ለዓይን ከረቀቁ ሕዋሳት እንደተሠራ፣ እያንዳንዱም ሕዋስ የሚያስገባውንና የሚያስቀረውን በሚለይ ስስ ሽፋን እንደተከበበ ከመምህራቸው ሰሙ። የታያቸው አንድ ደቂቃ ቢሆን ነው፤ ነገሩ ግን ከልባቸው አልወጣም።

በ፲፱፻፵፱ ዓ.ም. ወደ ጋምቤላ ተመድበው ሲመጡ፣ የቆላው ሙቀት በሁለት ዓመት ወደ ደጋ ይመልሳቸዋል ተብሎ ነበር፤ እሳቸው ግን ከማንጎው ጥላ ሥር አልነቃነቅ አሉ። ማይክሮስኮፕ እንዲላክ በየመስከረሙ ማመልከቻ ይጽፋሉ፤ በየዓመቱም ጠመኔ ይላክላቸዋል። በመጨረሻ የሕዋስን ጠባይ በከብት ፊኛ ለማሳየት ቆርጠው፣ ቀጭን የመስታወት ቱቦ ፍለጋ ወደ ክሊኒኩ ሄዱ። በዚያ ድሬሰር የነበሩት ወይዘሮ የሺአረግ ቱቦውን በመጀመሪያው ቀን ሰጥተዋቸው ሳለ፣ መምህሩ ሰባት ጊዜ መመላለሳቸውን የከተማው ሰው ቆጥሯል። በ፲፱፻፶፫ ዓ.ም. በቁርባን ተጋብተው ሁለት ሴቶች ልጆች አፍርተዋል።

በ፲፱፻፶፭ ዓ.ም. የከተማው የመጀመሪያ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ሃያ ሁለት ነበሩ። መምህር ዘገየ፣ ወዳጃቸው ባለሱቁ አቶ ሙሐመድኑር ለበዓል ካረዱት ፍየል ፊኛውን ለምነው አጠቡ፤ በወፍራም የስኳር ውኃ ሞልተው፣ አፉን ከቱቦው ጋር አስረው፣ ባልዲ ውኃ ውስጥ ነከሩት። ማንም ሳይጨምርበት ውኃው በቱቦው ሽቅብ ወጣ፤ የባልዲው ውኃ በፊኛው አልፎ እየገባ ነበርና። ስኳሩ ግን እንደ ውኃው በቀላሉ እንደማያልፍ እንዲያውቁ፣ እያንዳንዱ ተማሪ ጣቱን በባልዲው ነክሮ እንዲቀምስ አዘዙ። ሁሉም ቀመሰ። ፍየሉን ማን እንዳረደው ያሰበ አልነበረም፤ መምህሩም ጭምር፣ የዋህ ነበሩና።

ልጆቹ ቤታቸው ገብተው ሲያወሩ፣ ክርስቲያኑ ወላጅ የእስላም ሥጋ ቀመሱብን ብሎ ተነሣ። አሥራ ሦስት ልጆች ከትምህርት ቀርተው፣ የረከሰ የሚነጻበትን የቄደር ጥምቀት ተጠመቁ፤ ከአሥራ ሦስቱ አንዱ ይህን የማነብላችሁ እኔ ነኝ፤ በዚያ ሙቀት ጠበሉ ደስ ብሎኝ እንደነበር ዛሬ አልደብቅም። መምህሩ ለማካካስ ብለው ከክርስቲያን በሬ ፊኛ ቢያመጡ፣ እኛ ስንመለስ የሙስሊሞቹ ልጆች ቀሩ። ክፍሉ በአሥራ አምስት ቀን ካልሞላ እንደሚዘጋና እሳቸውም እንደሚዛወሩ ከበላይ ተነገራቸው። ቢዘጋ፣ ጎሬ ወጥቶ የሚማርበት አቅም የሌለው ልጅ ሁሉ ትምህርቱ እዚያው ሊያበቃ ነበር። ወይዘሮ የሺአረግ ፊኛውን ትተው በሰሌዳ ሥለው እንዲያስተምሩ ቢመክሯቸው፣ መምህሩ በዓይኑ ያላየ ልጅ አያምነኝም ብለው እህል ውኃ እስኪያስጠላቸው ተጨነቁ።

በዚህ መካከል፣ ባሮ ዳር ዓሣ የሚሸጡት የአንዷ ተማሪ እናት ወይዘሮ አጁሉ፣ ከትልቅ ዓሣ ሆድ የወጣ ነጭ ፊኛ በቅጠል ጠቅልለው፣ ቄሱና ሼሁ ወደተገኙበት የወላጆች ስብሰባ ገቡ። እንዲህም አሉ፦ “ፍየል እስላም አረደ። በሬ ክርስቲያን አረደ። ዓሣ ማን አረደ? ማንም! ወንዝ ሰጠኝ፣ እኔ አወጣሁ።” ቄሱ ሼሁን አዩ፤ ሼሁ ቄሱን አዩ፤ ከዚያ ሁለቱም ሳቁ።

በማግስቱ ሃያ ሁለታችንም በአንድ ባልዲ ዙሪያ ተሰበሰብን። ውኃው ቱቦውን ሽቅብ ወጥቶ ከአፉ ሲፈስ መምህራችን የመርከቡን ጡሩምባ ነፉ፤ የዚያን ጊዜው ደስታችን ዛሬ ድረስ ይናፍቀኛል። ከመካከላችን አሥራ ዘጠኙ የሚኒስትሪን ፈተና አልፈን፣ አንዳንዶቻችን መምህራን፣ ሌሎቻችን ድሬሰሮችና ነጋዴዎች ሆነናል።

መምህር ዘገየ ካለፈው ዓመት ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ተይዘው፣ ሰውነታቸው ውኃ እየያዘ፣ እግራቸው ጫማ እምቢ ብሎ፣ ሐኪም ጨው ከለከላቸው። ጠያቂ በመጣ ቁጥር ጨው ውኃን እንዴት እንደሚያስቀር ከአልጋቸው ላይ ሆነው ያስረዱ ነበር፤ ሊያጽናና የገባውም ተምሮ ይወጣ ነበር። በሕክምናና በጸሎት ሲረዱ ቆይተው፣ በጥር ወር ፲፱፻፷፭ ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

እናታቸውን ወይዘሮ አበዛሽን፣ ባለቤታቸውን ወይዘሮ የሺአረግን፣ ልጆቻቸውን ፀዳለንና አልማዜን፣ እኛንም ተማሪዎቻቸውን ጥለው ሄደዋል። ሲናዘዙም፣ በለቅሶዬ በሬም ፍየልም እንዳይታረድ፣ የክርስቲያንና የእስላም ተብሎም ትሪ እንዳይለይ ብለዋል። ስለዚህ ወይዘሮ አጁሉ ከጧት ጀምረው ዓሣውን ሲያዘጋጁ ውለዋል፤ ከቀብር መልስ ሁላችንም የምንቀርበው ከአንድ ትሪ ነው።

የመምህራችንን ነፍስ እግዚአብሔር ሳይከለክል ያስገባልን፣ ከደጋጎቹም ጋር ያሳርፍልን። የእኛ አሜን፣ የእነ አቶ ሙሐመድኑርም አሚን፣ በአንድነት ይድረስላቸው።