የበሩ ወረቀት

መምህር ኦግኒያን ብስክሌቱን እየገፋ ወደ ወንዙ ሰፈር ሲወርድ እማማ ስቶይናን ደጃፋቸው ላይ አገኛቸው። አሮጊቷ የሟች ልጃቸውን የኔቨናን የስድስት ወር መታሰቢያ ወረቀት፣ ከነፎቶዋ፣ በሩ ላይ እየለጠፉ ነበር። የአርባ ቀኑን ወረቀት ዝናብ ስለበላው አዲሱን በላዩ ደረቡበት። የቀረው ለመብራት ምሰሶዎቹ፣ ለዳቦ ቤቱና ለአውቶቡስ ፌርማታው ነው፤ በመንደሩ ደንብ የሟች ፎቶ ከመንገድ አይጠፋም።

ፎቅ ላይ፣ ከመጋረጃው ጀርባ፣ የኔቨና ልጅ ራሊትሳ ታያለች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ጎርፉ እናቷን ከወሰደ ወዲህ ቃል አልተነፈሰችም፤ ከግቢም አልወጣችም። መንደሩ «ሐዘን አፏን ዘጋው» ይላል። እውነቱን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። የወረቀቱ ፎቶ ከእናቷ ጋር የተነሣችው ነው፤ አያቷ እሷን በመቀስ ቆርጠው ሲያወጡ እናቷ ትከሻ ላይ አራት ጣቶች ቀሩ። የራሷ ጣቶች። በጎርፉ ውስጥ የእናቷን እጅ የለቀቁትም እነሱው ናቸው። መንደሩ በየምሰሶው ያያቸዋል፤ የማን እንደሆኑ የጠየቀ ግን የለም።

«እንደምን ዋሉ እማማ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ያን ጫፍ ያዝልኝማ፣ ነፋሱ ሊነጥቀኝ ነው።»

ያዘላቸው፤ ግን ዝም ብሎ አልያዘም። «ራሊትሳን መቼ ነው የሚልኩልኝ?»

«የማትናገር ልጅ ትምህርት ቤት ምን ትሠራለች? እንዲስቁባት ነው? ቤቷ ትቀመጥ። ጊዜ ራሱ ሐኪም ነው።»

«ሐኪም ከሆነ ስድስት ወር ሙሉ ምን ሲሠራ ከረመ?»

«አንተ! ከተማ ተምረህ መጣህና ታሾፍብኛለህ? አባትህን አፍንጫውን የጠረግሁለት እኔ ነኝ!»

«ማሾፌ አይደለም እማማ። ታፍኖ የቀረ ቁስል ያመረቅዛል። ምን እንደሆነች ጠይቀዋት ያውቃሉ?»

«ምኑን ልጠይቃት? ቁስሏን ልነካካ?»

«የሚነካካት እኮ ይሄ ወረቀት ነው። ሟች ይታሰብ፤ ተገቢ ነው። መቃብሩ አለ፣ ልቡ የፈቀደ እዚያ ሄዶ ያያል። ልጅ በምትወጣበት በር ላይ ግን…»

«ወረቀት የሌለው በር የረሳ ሰው በር ነው! ጎረቤት ምን ይለኛል? ልጄን ሁለተኛ ልቅበራት?» ድምፃቸው ተሰበረ።

መምህሩ የያዘውን ጫፍ በሩ ላይ ለጠፈላቸው። እውነቱን ለመናገር ትምህርቱም አልረዳውም፤ የእናትን እንባ የሚረታ መጽሐፍ ገና አልተጻፈም።

በሩ ከውስጥ ተከፈተ፤ ራሊትሳ ነበረች።

«አያቴ።» ድምፁ ሻካራ ነበር፣ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «ፎቶው ላይ ያለው እጅ የእኔ ነው።»

ሁለቱም ደነገጡ። ልጅቷ ካሁን አሁን ያለቅሳል የሚባል ሕፃን መሰለች፤ ግን አላቆመችም። «ጎርፉ ውስጥ እማዬን የለቀቃት እሱ ነው። ይዣት ነበር። ከዚያ ለቀቅኋት።»

እማማ ስቶይና ወደ ወረቀቱ ቀረብ ብለው አዩ። ይህን ሁሉ ጊዜ ሲለጥፉ ጣቶቹን አላዩአቸውም።

«አንቺ ልጅ» አሉ፣ «ያ ውሃ ድልድይ ነቅሎ የሄደ ነው። የድንጋይ ድልድይ! ያንቺ ጣት ሊያቆመው ነበር? ይሄንን ብቻሽን ተሸክመሽ እዚያ ላይ ተቀምጠሽ፣ እኔ ታች ሾርባ አሞቃለሁ!» ወረቀቱን ሙጫው ሳይደርቅ ከበሩ ላይ አነሡት።

«ጎረቤትስ?» አለ መምህሩ ቀስ ብሎ።

«ጎረቤት የራሱን በር ይጠብቅ።»

በዚያው ሳምንት ወረቀቶቹ ከየምሰሶው ተነሥተው አንዱ ብቻ መቃብሩ ላይ ቀረ። ኔቨና አልተረሳችም፤ እንዲያውም ስሟ ቤት ውስጥ መጠራት ጀመረ። ዝምታ ሟችን ማክበር የሚመስለን ብዙዎች ነን። ልጅ ግን ሲጠይቁት ይናገራል፣ ሲናገር ሸክሙን የሚያግዘው ያገኛል። ሁሉም በአንድ ቀን አይቀልም፤ ሰኞ ዕለት ትምህርት ቤት ስትመለስ የክፍል ጓደኞቿ የሚሏት ስለጠፋቸው ሸሿት፣ ዳቦዋንም ለብቻዋ በላች። መምህሩ ሲጠይቃት ግን ሁለቴ መለሰች።

ከሰዓት በኋላ ተመልሳ ከደጅ «አያቴ!» ብላ ተጣራች። እማማ ስቶይና ሰምተዋል። ሁለተኛ እንድትጠራቸው ብለው ግን ዝም አሉ።