ሱሪው እስኪደርስ

ልብስ ሰፊዋ ምላሷም መርፌዋም ስለታም ናቸው ይባላል፤ ውሸት አይደለም። ያን ቅዳሜ ጠዋት በጠባቧ ሱቋ ውስጥ ሦስት ሰው ነበር። እሷ ከስፌት መኪናዋ ኋላ፤ ጎረቤቷ ዘማሪዋ የመዘምራን ቀሚሷን ዚፕ ልታስቀይር መጥታ በርጩማው ላይ፤ ሦስተኛው ደግሞ ከልብስ መሞከሪያው መጋረጃ ኋላ፣ ያለ ሱሪ። ይኸኛው በማግስቱ እሁድ በጉባኤው ፊት እጅ ተጭኖበት የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ የሚሆነው ወንድም ነው። የሱፉ ሱሪ ወገቡ ላይ ጠብቦት፣ እንደለበሰው መጥቶ "እዚሁ ልጠብቅ" አለ። አወለቀ፣ በመጋረጃው ጎን አቀበላት፣ ዘጋ። ሥራው የሩብ ሰዓት ሥራ ነበር። እሷ ግን መኪናዋን ገፋ አድርጋ በእጅ ልትሰፋው መርፌ አነሳች። ይቺን ቀን ሦስት ወር ሙሉ ስትጠብቃት ነበራ!

"ወንድማችን፣ አይቸኩሉ እሺ? የነገ ልብስ ነው፤ በደንብ ይሰፋ" አለች ወደ መጋረጃው። ከዚያ ወደ ዘማሪዋ ዞረች።

"እና እንዴት ነሽልኝ የኔ እህት? ጉሮሮሽ ተሻለሽ? ይሄ ብርድ እኮ... ጠዋት ፀሐይ፣ ከሰዓት ዝናብ። ዘንድሮ አየሩም እንደ ሰው ሆኗል። ስለ ዚፕሽ አታስቢ፣ አሁን እደርስበታለሁ። ተደላድለሽ ተቀመጪ፤ ቆሞ የሚጠብቅ ሌላ ሰው አለ።

"እማዬ? ደህና ናት፣ ተመስገን። ጉልበቷ ነው ትንሽ... ዕድሜ ልክ ሲንበረከኩበት ጉልበትስ ምን ያድርግ? ስለ ጉልበት ካነሳን፣ ልብስ ሰፊ መሆን እንዴት ደስ ይላል መሰለሽ። ሰው ለሐኪም የማይናገረውን ለኛ ሱሪው ይነግረናል። አሁን አንዳንድ ሱሪ ይመጣልሻል... የማን እንደሆነ ምን አገባኝ... መቀመጫው አልቆ እንደ መስታወት ያበራል፤ ጉልበቱ ጋ ስትደርሺ ግን ዛሬ ከሱቅ የወጣ ነው! እንዴት ያለ ቆጣቢ ሰው ነው አልኩ። ልብሱን በጸሎት አያጎሳቁልም።"

ዘማሪዋ ሳቋ እንዳያመልጣት አፏን በእጇ ያዘች። መጋረጃው ትንሽ ነቃነቅ አለ። ልብስ ሰፊዋ ክሯን በጥርሷ ቆርጣ ቀጠለች።

"የረቡዕ ረቡዕ ትምህርቱስ? ሦስት ሳምንት ሙሉ ስለ መዳን! እኔ እንደዚያ ያለ መምህር አላየሁም። መዳን በጸጋ ነው፣ በሥራ አይደለም፣ ማንም አይመካበትም... አቤት! አለቀስኩ እኮ። ነፃ ነው አለን፣ ስጦታ ነው አለን። ገና ዓይናችንን ሳንጠርግ ቅጹ ታደለ። አስታወስሽ? የአባልነት ቅጽ... 'ዳግም የተወለዱበት ቀን፣ ወር፣ ዓመት።' ጸጋው ነፃ ነው፣ ቅጹ ግን ይሞላ! እንዲህ ሥርዓት ያለው ጸጋ የት ይገኛል? ያ ከጌታ አጠገብ የተሰቀለው ወንበዴ ቀደም ብሎ ገባ እንጂ፣ ዛሬ ቢሆን በየትኛው እጁ ሊሞላው ነበር?

"እማዬ መቼም ፊደል አልቆጠረችም። አንድ ወንድም... ስሙ ጠፋኝ... ቅጹን ሊሞላላት አጠገቧ ቁጭ አለና 'የዳኑበት ቀን መቼ ነው?' አላት። 'ቀኑንስ ጌታ ያውቀዋል ልጄ፤ እኔ ዝናብ እንደነበር ነው የማስታውሰው' አለችው። ታዲያ እሱ ምን ያድርግ? ቅጹ ላይ 'ዝናብ' የሚል ሳጥን የለም! ሰረዝ አደረገባት። አንዲት አጭር ሰረዝ። የእጅ ጽሑፉ ደግሞ ሲያምር! ቅጹ ያልተሟላ አባል አይደለም ተባለ፤ ስሟ ከመዝገብ ወጣ። ሲሾም ያልሰረዘ ሲሻር ይቆጨዋል ብሎ ይሆናል... አይ፣ ለካ ያኔ ገና አልተሾመም። ይቅር በለኝ አምላኬ፣ ቸኮልኩ።

"ሄጄ ብጠይቅ፣ 'እኔ አይደለሁም እህቴ፣ ቃሉ ነው' አለኝ ያ ወንድም። እውነቱን ነው ብዬ ቤቴ ገብቼ ቃሉን ከዳር እስከ ዳር ገለበጥኩት። ቅጽ የሚለውን አጣሁት። የኔ መጽሐፍ አሮጌ ስለሆነ ይሆናል።

"ከዚያ ወዲህ የጌታ እራት ሲታደል ትሪው እሷ ጋ ሲደርስ ይዘላታል። ሦስት ወር። የመጀመሪያ ቀን አላወቀችም እኮ... እጇን ዘረጋች። ትሪው አለፈ። ቀስ ብላ እጇን መለሰችና ሻርፗን የምታስተካክል መሰለች።"

 ንዴት ብቻ ቢሆን ትችለው ነበር፤ ያቺ ባዶዋን የተመለሰች የእናቷ እጅ ግን ከዓይኗ አትጠፋም። መርፌው ጣቷን ወጋት። ደሙን መጠጠችና ሱሪውን እንዳይነካው ጣቷን በእራፊ ጨርቅ ጠቀለለች። ከዚያ እንደገና ፈገግ አለች።

"ወንድማችን፣ ብርድ ያዘዎት እንዴ? ልጨርስ ነው። ምን ላይ ነበርኩ? አዎ፣ ስለ ቀን። የአንድ ወንድም ምስክርነት አለ፣ በጣም ነው የምወደው። ያለቀለት ቀን አዋቂ ነው! ወሩ፣ ዓመቱ፣ ሰዓቱ ሳይቀር። ድሮ ሲመሰክር፣ 'ሥራ አጥቼ ስንከራተት አንዲት እናት ቤቷ አስገብታኝ፣ ሾርባ ሰጥታኝ፣ ኩሽናዋ ውስጥ አብራኝ ተንበርክካ ጌታን ተቀበልኩ' ይል ነበር። የወጣቶች መሪ ሲሆን 'አንድ ቤት ውስጥ' ሆነ። መምህር ሲሆን 'አንድ ስፍራ' ሆነ። ዘንድሮ ደግሞ 'ብቻዬን ሳለሁ ጌታ አገኘኝ' አለ። እድገት ማለት ይኼ ነው! ያጎረሰ እጅ ይነከሳል ሲሉ እሰማለሁ... ሐሜት ነው። እሱ መች ነከሰ? ጨዋ ሰው አይደል፤ ቅጽ ነው ያስሞላት።

"እማዬ መቼም ሞኝ ናት። የራሷን ቀን አታውቅም፤ የሱን ቀን ግን አንድ ዓመት ስታው አታውቅም። ሲደርስ 'ዛሬ የልጄ ልደት ነው' ትላለች። ወንድ ልጅ ሳትወልድ! ባለፈው ማክሰኞ አልጋዋን ተደግፋ ስትንበረከክ ደረስኩባት። 'ሐኪሙ አትንበርከኪ አላለሽም እንዴ?' ብላት፣ 'ሽማግሌ ሊያደርጉት ነው፣ ሸክሙ እንዳይከብደው ልጸልይለት' አትለኝም? አንቺ! እኔ ብሆን ምን ብዬ እንደምጸልይ እኔ ነኝ የማውቀው!"

ከመጋረጃው ኋላ ጉሮሮ ሲጠረግ ተሰማ። 

"ሽማግሌ የማይነቀፍ ይሁን፣ ቤቱን በደንብ ያስተዳድር ተብሎ የለ? ለኔ አንድም አይጎድለው። ቤቱንማ አስተዳድሮ ጨርሶ፣ ሰው ቤት አልፎ፣ አሁን መንግሥተ ሰማያት ደርሷል። የማይነቀፍስ ቢሆን... ማን ይነቅፈዋል? እኔ? ምን በወጣኝ! እኔ ሱሪ ነው የምሰፋው።

"ነገ ደግሞ ደስ የሚለው፣ አዲሱ ሽማግሌ እጅ እንደተጫነበት የመጀመሪያ ሥራው ትሪውን ማዞር ነው አሉ። እማዬም ትመጣለች። እንደ ሁልጊዜው ሁለተኛው አግዳሚ ወንበር፣ መተላለፊያው ዳር። 'ነገ እጅሽን እንዳትዘረጊ' ብያት ነበር። 'የልጄ ቀን ነው፣ እንዴት አልዘረጋም?' አለችኝ።"

የመጨረሻዋን ስፌት ቋጠረች። ሱሪውን አራግፋ ብድግ አለች።

"ይኸው ደረሰልዎ፣ ወንድማችን! ወገቡን ለቅቄዋለሁ። ጉልበቱንም ትንሽ ሰፋ አድርጌዋለሁ... ድንገት መንበርከክ ቢያስፈልግ።"

ከመጋረጃው ጠርዝ አንድ እጅ ወጣ። ተዘርግቶ ጠበቀ። ልብስ ሰፊዋ ሱሪውን እንደያዘች አጠገቡ ቆመች፤ እጁን አየችው፣ አልሰጠችውም። ፊቷን ወደ ዘማሪዋ እንዳደረገች ድምጿን አለስልሳ መመረቅ ጀመረች።

"በይ እስቲ እንመርቅ። የነገውን ሽማግሌ ጌታ ይባርከው። ዕድሜውን ያርዝመው፣ ወንበሩን ያጽናለት። በመጨረሻም... ያው ሁላችንም ደጁ ላይ የምንቆምባት ቀን አለች አይደል... ያን ጊዜ እንደ እማዬ ያለች ፊደል ያልቆጠረች ሴት በሩ ላይ ቆማ አታጉላላው። ልክ እንደ ራሱ ያለ፣ አጥርቶ የሚያነብ፣ አንዲት ሳጥን የማያልፍ፣ የእጅ ጽሑፉ የሚያምር ሰው ቅጹን ይዞ ይቀበለው። አሜን በይ እንጂ!"