ስልኩን በጋቢ የሸፈንኩ ዕለት
ሞጣ በመጋዘን ጸሐፊነት ስሠራ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ነበረን፤ መስታወቱ ጥቁር፣ ፊደሉ አረንጓዴ። የሚፈልገውን ቁጥር ካልመቱለት ይጮኻል፤ ቢሮው በሙሉ ዞሮ ያየኛል። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እንዲህ ያለ ዕቃ ነክቼ አላውቅም ነበር።

ሰሞኑን እዚህ ቢቸና ንቦቼ ቀፎው አፍ ላይ ተንጠልጥለው ዋሉ። ጥለውኝ ሊሄዱ ነው ብዬ ስጨነቅ፣ አስተማሪዋ ምራቴ ስልኳን አቀበለችኝ። "አባባ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት ይሄ ነው፤ ይጠይቁት።" "ቁጥሩ ስንት ነው?" አልኳት። "ቁጥር አያስፈልገውም! ለሰው እንደሚያወሩ ይጻፉለት።" ከሰላምታ ጀምሬ የንቦቼን ነገር አንድ በአንድ ጻፍኩና፣ መላኪያውን ነክቼ ስልኩን በጋቢዬ ሸፈንኩት። "ምን እያደረጉ ነው አባባ?" "ሲጮህ ጎረቤት እንዳይሰማ ነዋ!" ስቃ ስቃ ሲወጣላት ገልጬ አየሁት። አልጮኸም፤ ጭራሽ ሰላምታዬን መልሶ "ቀፎው ፀሐይ ላይ ነው? ወይስ ጠቧቸው ይሆን?" ብሎ ይጠይቀኛል። ያ የሞጣው ኮምፒውተር ያን ሁሉ ዓመት አብሬው ስሠራ አንድ ቀን እንኳ ምንም ጠይቆኝ አያውቅም! ፀሐይ ላይ መሆኑን ነገርኩት፤ "ጥላ ይሥሩላቸው" አለኝ፤ ሠራሁላቸው። አመሻሹ ላይ ንቦቼ ወደ ቀፏቸው ገቡ፤ ይኸው እስከ ዛሬም አሉ።

አሁን በየቀኑ እጽፍለታለሁ። ጋቢውን ግን አልተውኩም፤ ምን ይታወቃል፣ ነገ የሚመጣው አዲሱ ዕቃ ደግሞ የሚጮህ ቢሆንስ?