የተሻረችው ሞኒተር

ሐጂ አብዱልሃዲ ሲቆጡ አጠገባቸው የተገኘ ሰው ሁሉ ዳኛ ይሆናል። ያን ማክሰኞ ዳኝነቱ የደረሰው ለአንድ የባጃጅ ሹፌርና ከጊንጆ ሰፈር ለተሳፈረች አንዲት ወጣት ነበር። መኪናቸው ጋራዥ ገብታባቸው በባጃጅ ወደ በቾ ቦሬ ሲሄዱ፣ ገና በቅጡ ሳይቀመጡ ጀመሩ። የልጅ ልጃቸው ለጢፋ አምስተኛ ክፍል ናት፤ ሁለት ዓመት ሙሉ የክፍሏ ሞኒተር ነበረች። አሁን አንዲት ከየት እንደመጣች ያልታወቀች የግብረ ገብ አስተማሪ ለልጆቹ ወረቀት አድላ፣ ምረጡ ብላ፣ ልጅቷን ከሹመቷ አስነሣቻት። ለጢፋ አፍራ ትምህርት ቤት አልሄድም ብላለች። የዚያን ክፍል ዴስኮች ያሠሩት ደግሞ ማን ሆኑና ነው? ስማቸው በቀይ ቀለም በየዴስኩ ጀርባ ላይ ተጽፎ የለም ወይ?

«እስከ ነገ ጠዋት ልጄ ወደ ቦታዋ ካልተመለሰች አይሱዙዬን ልኬ ዴስኮቼን አስጭናለሁ» አሉ። «መሬት ላይ ቁጭ ብለው ይምረጡ።»

ሹፌሩ ራሱን ነቀነቀ፤ ሌላ ምን ያድርግ። ወጣቷ ግን ጭኗ ላይ ያሉትን ደብተሮች አስተካከለችና፣ «ሐጂ፣ ያቺ አስተማሪ እኔ ነኝ። ሩፈይዳ እባላለሁ» አለች።

ሌላ ሰው ቢሆን ያፍር ነበር። ሐጂ ግን ቁጣቸው ባለቤቱን ስላገኘላቸው ደስ አላቸው። ባጃጁን ዳር አስይዘው አስቆሙት። ሹፌሩም ነገሩ እንዳያመልጠው ሞተሩን አጠፋ።

«የማን ልጅ ነሽ?» ሲሉ ጀመሩ። ሐጂ የማን ልጅ እንደሆነ ከማያውቁት ሰው ጋር መጣላት አይወዱም። አባቷ አጋሮ ልብስ ሰፊ መሆናቸውን ነገረቻቸው።

«እንግዲያው አባትሽ እንዲህ አላሳደጉሽም። በእኛ ጊዜ መምህሩ አንተ ሁን ይላል፣ የተባለው ይሆናል፤ አለቀ። አርባ ስምንት ሕፃን ምን ያውቅና ነው ሿሚና ሻሪ የሚሆነው? ግብረ ገብ ማለት አክብሮት ነው። አንቺ ያስተማርሻቸው ድፍረት ነው።»

«አክብሮትም አስተምራለሁ፣ ሐጂ። ለጢፋ ግን ለምን እንደወረደች ነግራዎታለች?»

«ረባሽ ስለመዘገበች ነዋ። ሥራዋ ነው።»

እዚህ ላይ ሩፈይዳም ተቆጣች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ እርስዎ ማለቷንም አልተወችም፤ ጆሮዋ ግን ቀልቶ ነበር። ለጢፋ የረባሾችን ስም ትመዘግብ እንደነበር፣ ብስኩት ያመጣላትን ልጅ ስም እንደምትሰርዝ፣ ያላመጣው ትንፍሽ ባይልም እንደሚጻፍ አንድ በአንድ ነገረቻቸው። በዚህ አላበቃም። ሮሆቦት የምትባለውን ልጅ፣ ይሄ የአያቴ ዴስክ ነው ተነሺ ብላ ሦስት ሳምንት ሙሉ ግድግዳ ተደግፋ ቆማ እንድትጽፍ አድርጋታለች።

«እኔም ጥፋተኛ ነኝ» አለች። «የቆመችው ዓይኗ ደክሞ ሰሌዳው ርቋት ነው ብዬ ዝም አልኩ። ልጆቹን ፊት ለፊት ስጠይቅ አንድም የተናገረ የለም። ስም የማይጻፍበት ወረቀት ሳድላቸው ግን አርባ አንዱ ትውረድ አሉ።»

«ምቀኝነት ነው።»

«ለጢፋን ራሷን ለምን እንዲህ አደረግሽ አልኳት። ቲጃኒ መጋዘን ውስጥ እንደዚህ ነው የሚያደርገው፣ አባም ጎበዝ ይሉታል አለችኝ፤ እርስዎን ማለቷ ነው።»

ቲጃኒ የሐጂ የእኅታቸው ልጅ ነው። መጋዘናቸው ውስጥ ቡና የሚለቅሙት ሴቶች ካቦ እሱ ነው።

«ሐጂ» አለች ሩፈይዳ፣ «ዜጋ ማለት የተሾመ ሰው ሲያጠፋ ተው የሚል፣ እሱም ሲሾም ተው ሲሉት የሚሰማ ነው። ልጆቹ ይህን ዛሬ በብስኩት ካልተማሩት ነገ በየቢሮው እርስዎን ራስዎን ነው የሚያጉላሉት። ዴስኩን ይውሰዱት፤ መሬት ላይ አስተምራቸዋለሁ።»

«ኧረ ማሎ፣ ዋሽታለች» አሉ ሐጂ፤ ማን እንደዋሸ ግን አልተናገሩም። ወርደው በእግራቸው ወደ መጋዘናቸው ገሠገሡ።

ብዙዎቻችን ግብረ ገብ በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ይመስለናል። ልጅ ግን እኛ ማንን ጎበዝ እንደምንል እያየ ቀኑን ሙሉ ይማራል። ለጢፋን ያበላሻት አስተማሪ አልነበረም፤ ምሳ ልታደርስ መጋዘን ስትገባ ያየችው ነው።

ሐጂ ቲጃኒ በሌለበት ሴቶቹን ጠየቁ። ስም ይመዘግባል ወይ? ጠረጴዛው ላይ የማይጠፋውን እንቁላልና አቮካዶ ይዛ ያልመጣችውን፣ ወሬኛ ነሽ፣ ነገ እንዳትመጪ ይላል ወይ? አንዲትም ቀና ያለች የለም፤ እጃቸው ብቻ ፈጠነ። ከለቃሚዎቹ አንዷ የሮሆቦት እናት ነበረች፤ እሷን ለይተው፣ ልጅሽ ቆማ እንደምትማር ታውቂያለሽ ወይ አሏት።

«ልጅ መቆም አይከብዳትም፣ ሐጂ» አለች ሴትየዋ ዓይኗን ከቡናው ሳታነሣ።

ሐጂ በዕድሜያቸው እንደዚያ ተናደው አያውቁም። ሴትየዋ ታውቅ ነበር፤ ዝም ያለችው ከእንጀራዋ እንዳትፈናቀል ነው። አስተማሪዋ ወረቀት ለምን እንዳደለች ያን ጊዜ ገባቸው።

በማግስቱ ጠዋት የአይሱዙው ሹፌር ዴስኮቹን ልጫን ወይ ብሎ መጣ። ቀለም ቀቢ ይዘህ ሂድና ስሜን ከየዴስኩ ያጥፋልኝ አሉት። ከዚያ ከጆንያዎቹ ጀርባ ሁለት ጣሳ አስቀመጡ። እያንዳንዷ ሴት አንድ ፍሬ ቡና ይዛ ብቻዋን ትገባለች፤ ቲጃኒ ይቆይ ካለች በግራው፣ ይውረድ ካለች በቀኙ ትጨምራለች። ቲጃኒ፣ «አጎቴ፣ በእነዚህ ሊያስመርጡብኝ ነው?» ብሎ ጮኸ። በመጨረሻ ሐጂም ራሳቸው አንድ ፍሬ ይዘው ገቡ።

ጣሳዎቹ በሴቶቹ ፊት ሰፌድ ላይ ተራ በተራ ተገለበጡ። በቀኙ ሃያ ሰባት፣ በግራው አንድ። ቲጃኒ ያቺን አንዲት ፍሬ አንሥቶ የትኛዋ እንዳዘነችለት ለማወቅ ሴቶቹን እየዞረ ተመለከተ።

«የእኔ ናት» አሉ ሐጂ። «እናትህን አስቤ ነው። ተሸንፌያለሁ። ቁልፉን አስረክብ።»

ሴቶቹ ከመካከላቸው አንዷን መረጡ፤ በየሦስት ወሩም እንደገና ይመርጣሉ። ዛሬ የታመመች ታምሜያለሁ ትላለች፣ የተበላሸ ቡና ያየች ሳትፈራ ትናገራለች፤ ሐጂም በፊት ጥራቱ ወርዷል እየተባለ ይመለስባቸው የነበረው ቡና አሁን እንደማይመለስ ለሰው ሁሉ ያወራሉ።

ያን ቀን ከሰዓት ግን ይህ ሁሉ ገና አልታየም። ሐጂ ፊታቸው እንደጠቆረ ቤታቸው ገቡ። ወሬው ቀድሟቸው ደርሶ ኖሮ ለጢፋ በር ላይ ጠበቀቻቸው።

«አባ፣ እርስዎም ተሸነፉ?»

«ኤዬ፣ ተሸነፍኩ።»

«ተናደዱ?»

«በጣም» አሉ ሐጂ ጫማቸውን እያወለቁ። «ነገ ግን እኔም መጋዘን እገባለሁ፣ አንቺም ክፍልሽ ትገቢያለሽ። ሮሆቦት ተቀምጣ፣ አንቺ አጠገቧ።»