አንዷን ከረጢት ሠላሳ ጊዜ

አዳማ መውጫ ላይ ባለች አነስተኛ የሕፃናት ምግብ ፋብሪካ፣ ከምሳ በኋላ፤ አሻጊው ጋሽ ድንበሩና ጥራት ተቆጣጣሪዋ ስንዱ የመለኪያው ጠረጴዛ አጠገብ።

ጋሽ ድንበሩ፦ አንዴ ስሚኝማ! የመለኪያውን መብራት ከማብራትሽ በፊት በእጅሽ ጨመቅ አድርጊያት። ግጥም ያለች ከረጢት ናት።

ስንዱ፦ መነፋቷን ማን ካደ ጋሼ? በምን እንደተነፋች ነው የጠየቅኩት።

ጋሽ ድንበሩ፦ በሃያ ስድስት ዓመት ይሄ እጅ ተሳስቶ ያውቃል?

ስንዱ፦ አይቆጡኝና፣ በቅሎን አባትህ ማነው ቢሉት አጎቴ ፈረስ ነው አለ። ይኸው አበራሁት፤ መሣሪያው ብርሃኑን በላስቲኩ አሳልፎ ሲያይ ኦክስጅኑ ከመቶ ሃያ ነው ይላል። ከአንድ መብለጥ የለበትም። ሃያ ማለት እኔና እርስዎ አሁን የምንተነፍሰው አየር ነው።

ጋሽ ድንበሩ፦ ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።

ስንዱ፦ አየሩን አስወጥቶ ዱቄቱን የሚጠብቀው ናይትሮጅን የት ሄደ?

ጋሽ ድንበሩ፦ ሲሊንደሩ አልቆ ኖሯል፣ ሳላየው። እኔ! በየጠዋቱ «ሲሊንደር ሳታዩ ማሽን አትንኩ» እያልኩ የምጮኸው ሰውዬ። አስቁሜ «ረሳሁ» ከምል፣ ተራ አየር ነፋሁበት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት!

ስንዱ፦ ዱቄቱ እኮ ዘይትና ወተት አለበት። አየር ካገኘው ሳይውል ሳያድር ይበላሻል። የሚሄደው ደግሞ በረሃብ ለተጎዱ ሕፃናት ነው።

ጋሽ ድንበሩ፦ ጠፍቶኝ መሰለሽ? ጡረታዬ ሁለት ወር ነው የቀረው፤ አዋርደሽ አታስወጪኝ። እዚህ ቤት ማን አስገባሽ?

ስንዱ፦ እርስዎ። ውለታዎን አልረሳሁም። ግን ከየጭነቱ ሠላሳ ከረጢት ለክቼ መመዝገብ አለብኝ፤ ሞኝና ወረቀት ደግሞ የያዘውን አይለቅም።

ጋሽ ድንበሩ፦ እሱስ ቀላል ነው። ድሮ በመርፌ ወግተን ስንለካ፣ የተወጋ ከረጢት አበቃለት ነበር። አሁን አይከፈት፣ አይቀደድ! ከትናንቶቹ አንዷን ደህና አምጪና እሷኑ ሠላሳ ጊዜ ለኪያት።

ስንዱ፦ ማን ነገረዎት?

ጋሽ ድንበሩ፦ ምኑን?

ስንዱ፦ ዘዴውን። አይተውኝ ነው?

ጋሽ ድንበሩ፦ ኧረ አሁን ነው የመጣልኝ! አንቺ... አድርገሽዋል እንዴ?

ስንዱ፦ ያለፈው ማክሰኞ። ልጄን አተኩሷት ጎረቤቴ ደወለች። ቶሎ ልውጣ ብዬ አንዷን ሠላሳ ጊዜ ለካኋት። ይኸው ዛሬ ዐይኔን በጨው ታጥቤ እርስዎን እመረምራለሁ። አፈርኩ ጋሼ፣ በጣም ነው ያፈርኩት።

ጋሽ ድንበሩ፦ ጭነቱስ?

ስንዱ፦ ሐሙስ ሄደ። ደህና ይሁን አይሁን አላውቅም።

ጋሽ ድንበሩ፦ ወይኔ! ማክሰኞ ማሽኑ ላይ እኔው ነበርኩ። ሲሊንደሩን አይቻለሁ ብዬ ብምልልሽ ደስ ባለኝ፤ አልምልም። አላስታውስም።

ስንዱ፦ ታዲያ ምን ይሻላል?

ጋሽ ድንበሩ፦ የዛሬውን ሃያ ብለሽ ጻፊ፣ እንዳለ።

ስንዱ፦ ጡረታዎስ?

ጋሽ ድንበሩ፦ ተዪው። የዛሬው ገና መጋዘን ነው፣ ይደፋል። የማክሰኞው ግን ልጅ አፍ ሳይገባ መመለስ አለበት። ተነሺ፣ ሥራ አስኪያጁ ጋ እንሂድ።

ስንዱ፦ እፈራለሁ ጋሼ።

ጋሽ ድንበሩ፦ እኔም እፈራለሁ። ነይ፣ እኔ ፊት ልግባ፤ ቁጣው መጀመሪያ እኔን ያግኘኝ።