ዋግምት እና ክኒን

ከድሬ ጠያራ ወደ ሐረር በሚገባ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ አንድ ሽማግሌ ገበሬና የተማሪ ደብተር የታቀፈች አስተማሪ ተቀምጠው ያወራሉ።

«እግርዎ ምን ሆኖ ነው አባባ?»

«ደም ረግቶብኝ ነበር። ሐኪሙ ደም የሚያቀጥን ክኒን ሰጠኝ፤ አልሐምዱሊላህ፣ እብጠቱ ጎደለ።»

«አሁን ወደ ሐኪሙ እየሄዱ ነው?»

«የለም፣ ዋግምት ልታገም ነው። አጋሚው ጀርባዬን በምላጭ በጣ በጣ አድርጎ መጥፎውን ደም ይመጥልኛል።»

«ክኒኑን እየዋጡ?»

«ዛሬም ውጫለሁ። ድሮ ደሜ ወፍሮ አልወጣም ይል ነበር፤ አሁን ሐኪሙ ራሱ አቀጠነልኝ።»

«ኧረ አባባ፣ ደሙ መፍሰስ ከጀመረ አይቆምም! አባቴ ይህንኑ ክኒን እየወሰዱ ጥርስ ተነቅለው፣ ሁለት ቀን ሙሉ ደማቸው አልቆም አለ።»

«ሁለት ቀን? ማሻአላህ! ስንት መጥፎ ደም ወጣላቸው!»

ሾፌሩ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

«ክኒኑን አይተዉ፤ ዋግምቱን ይተዉ። ለሐኪሙስ ነግረውታል?»

«አጋሚ ጋ መሄዴን ቢሰማ ይከፋዋል።»

«ለአጋሚው ስለ ክኒኑ ይንገሩት እንግዲህ።»

«ተይ አቦ! እሱም ሐኪም ጋ መሄዴን ከሰማ ይቀየመኛል።»

«ሁለቱ እንዳይቀየሙ እርስዎ ይሙቱ?»

«ሞት ከአላህ ነው ልጄ፤ ቅያሜ ግን ከሰው ነው።»

ኤረር በር ስንደርስ ሽማግሌው «ወራጅ አለ!» አሉ።

«እኔም እወርዳለሁ» አለች ደብተሮቿን ሰብስባ። «ለአጋሚው እኔ እነግረዋለሁ።»

«ማን ነሽ ቢልሽስ?»

«ልጃቸው ነኝ እላለሁ።»

«በዚህ ማተብሽ?» ብለው እየሳቁ ክንዷን ይዘው ወረዱ።

እኔ ለአጋሚው ምን እንደምትለው በልቤ ስለማመድላት መውረጃዬን አለፍኩ።